ሥራ ፈላጊና ሥራ ፈት

በሰንበት ጧት ቅዳሴ ከተፈጸመ በኋላ ምእመናን በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውስጥ በጥዱ ጥላ ሥር ቆም ብለው ሰላምታ ሲለዋወጡ፣ ትምህርቱን ጨርሶ ወደ ወላጆቹ ቤት ለተመለሰ ወጣት ሳይቀርብ የማይቀር አንድ ጥያቄ አለ። የራሱ ጤንነትና የእናት የአባቱ ደኅንነት ከተጠየቀ በኋላ፣ «ለመሆኑ ሥራ ያዝህ ወይ?» ይባላል። ጠያቂው ክፉ አስቦ አይደለም፤ ወጣቱ ክርስትና ሲነሣ የነበረ፣ በሰንበት ትምህርት ቤት ሲዘምር የሰማ፣ ሲመረቅም እልል ያለ ወዳጅ ነው። ነገር ግን ይኸው ጥያቄ በአንድ ጧት ከስድስትና ከሰባት ሰው አፍ ሲወጣ፣ በሚመጣው ሰንበትም እንደገና ሲደገም፣ ለተጠያቂው ወዳጅነት መሆኑ ይቀርና ክስ ይሆንበታል። «ገና ነኝ» ብሎ አንገቱን ሲደፋ ደግሞ ጠያቂው የሚያጽናናው መስሎት «አይዞህ፤ የእገሌ ልጅ እንኳ ወዲያው ያዘ» ይለዋል። ከዚህ የከፋ ማጽናኛ መኖሩን እንጃ።

ይህን የምንጽፈው በፈራጅ ወንበር ላይ ተቀምጠን አይደለም፤ እኛም ከጠያቂዎቹ ወገን ነበርን። በደብራችን ያደገ አንድ ወጣት እናውቃለን። በክፍለ ሀገር ከሚገኙት ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ የሲቪል ምህንድስና ትምህርት አምስት ዓመት ተከታትሎ፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለተመራቂዎች ሁሉ የታዘዘውን የመውጫ ፈተና አልፎ፣ ዲግሪውን ይዞ መጣ። በመጀመሪያዎቹ ወራት እንደ ወትሮው ከመዘምራኑ ጋር ይቆም ነበር። በኋላ ግን ሕዝቡ ሳይወጣ በምዕራቡ በር ሹልክ ብሎ መሄድ ጀመረ፤ ከዚያም ጨርሶ ቀረ። እኛም ፍቅሩ የቀዘቀዘ መስሎን ልንገሥጸው ከቤቱ ድረስ ሄድን። እናቱ ተቀብለው ካስቀመጡን በኋላ ቡናው እስኪፈላ ድረስ ዝም ብለው ቆዩና፣ «አባቶቼ፣ ልጄ ቤተ ክርስቲያንን አልጠላም፤ የጠላው በደጁ የሚቆመውን ጥያቄ ነው» አሉን። ይዘነው የሄድነው ተግሣጽ በአፋችን ውስጥ እንዳለ ቀረ።

ወጣቱን ያገኘነው በጓሮ በኩል በቆርቆሮ በተከለለች አንዲት ጠባብ ቦታ ነው። በጉልበቱ ላይ ጆንያ አንጥፎ የወይራ ቍራጭ በመሮ ይቀርጽ ነበር። ስንገባ ደንግጦ ሥራውን ከኋላው ሸሸገ። አንድ ሰው የእጁን ሥራ እንደ ስርቆት ዕቃ ሲሸሽግ ማየት ያሳዝናል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው ይህ ነገር በልባችን የከረመው።

በቋንቋችን ውስጥ ሦስት የሚቀራረቡ ቃላት አሉ፤ ሰዎች እንደ አንድ ያደርጓቸዋል እንጂ አንድ አይደሉም። ሥራ ፈት የሚባለው ሥራ እያለለት እጁን ከሥራ የፈታ ነው። ሥራ አጥ የሚባለው ሊሠራ እየወደደ ሥራ ያጣ ነው። ሥራ ፈላጊ ደግሞ ያጣውን ነገር ለማግኘት የሚደክም ነው፤ ፍለጋው ራሱ ጉልበት፣ ገንዘብና ትዕግሥት የሚበላ ሥራ ነውና። ሰፈሩ ግን ጧት በአንድ ሰዓት ከቤት ያልወጣውን ሁሉ በመጀመሪያው ስም ይጠራዋል። በደመወዝና በሥራ መካከል ያለው ልዩነት እንዲህ ከተምታታ፣ ደመወዝ የሌላት እናት ቀኑን ሙሉ ስትፈጭና ስትጋግር ውላ ሥራ ፈት ናት ልንል ነውን? የአብነት ተማሪውስ፣ ደመወዝ ስለሌለው፣ ሥራ ፈት ነውን?

የሥራ ፈላጊን ውሎ ያላየ ሰው ነገሩ ቀላል ይመስለዋል። በአዲስ አበባ በአራት ኪሎ አካባቢ ጋዜጣ እያከራዩ የሚያስነብቡ ሰዎች ከብዙ ዘመን ጀምሮ የታወቁ ናቸው። ጋዜጣውን ለመግዛት አቅም ያነሰው ወጣት ጥቂት ከፍሎ፣ በመንገድ ዳር ተቀምጦ፣ የክፍት ሥራ ማስታወቂያውን ገጽ ብቻ ያነብና አድራሻውን ገልብጦ ጋዜጣውን ይመልሳል። ዛሬ ደግሞ ብዙው ማስታወቂያ በእጅ ስልክ በቴሌግራም ይመጣል። ይህ እግርን ያሳርፋል፤ ልብን ግን አያሳርፍም። ጋዜጣው በማታ ይታጠፋል፤ ስልኩ ግን በእኩለ ሌሊትም ስለሚጮኽ፣ ወጣቱ ያመለጠው ነገር ያለ እየመሰለው እንቅልፍ ያጣል።

ማስታወቂያው ከተገኘ በኋላ ማመልከቻ ይጻፋል፤ የትምህርት ማስረጃው ዋናውና ፎቶ ኮፒው ይዘጋጃል፤ ጉርድ ፎቶግራፍ ይጨመራል። የምዝገባው ጊዜ ማስታወቂያው ከወጣበት ቀን አንሥቶ 5 ወይም 7 የሥራ ቀን ብቻ ሊሆን ይችላል። ታክሲ ተሳፍሮ፣ ሰልፍ ቆሞ፣ ወረቀቱን በመስኮት ካስገባ በኋላ የሚሰማው ቃል «እንደውልላችኋለን» የሚል ነው። ለአንድ ቦታ ብዙ መቶ ሰው በሚመዘገብበት ጊዜ የሚደወልለት ጥቂቱ ነው፤ ያልተደወለለት ግን መውደቁን የሚነግረው ስለሌለ እየጠበቀ ይኖራል። የታክሲውንና የፎቶ ኮፒውን ገንዘብ ከእናቱ መቀበል በሃያ አራትና በሃያ አምስት ዓመት ዕድሜ ላይ ምን ያህል እንደሚከብድ የምናውቅ እናውቀዋለን።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ቋጠሮ ግን የሥራ ልምድ የሚሉት ነው። ልምድ የሚገኘው ከሥራ ነው፤ ሥራ የሚሰጠው ደግሞ ልምድ ላለው ነው። «ዜሮ ዓመት» የሚል ማስታወቂያ ሲወጣ በተመራቂዎች ዘንድ እንደ ምሥራች የሚነገረው ስለዚህ ነው። በዚህ ቋጠሮ ላይ ሌላ ጥያቄ ይደረብበታል፤ ይኸውም «ሰው አለህ ወይ?» የሚለው ነው። ሰው ማለት እዚህ ላይ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ዘመድ ወይም የሚያውቅህ ባለ ሥልጣን ማለት መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ክቡር ፍጥረት የሆነው ሰው ስሙ እንዲህ ላለ ነገር ሲውል ያሳፍራል፤ ሆኖም የምንጽፈው ስላለው ነገር ነው።

እዚህ ላይ ካህናት አባቶች ልብ እንዲሉት የምንፈልገው አንድ ጭንቅ አለ። አንዳንድ ወጣት ሐሰተኛ የሥራ ልምድ ደብዳቤ በገንዘብ ለመግዛት ይፈተናል። ማኅተም ያለው፣ ፊርማ ያለው፣ ባልሠራበት ቦታ ሁለት ዓመት ሠርቷል የሚል ወረቀት ነው። ጓደኛው በዚህ መንገድ ገብቶ ደመወዝ ሲበላ እያየ፣ ወደ ንስሐ አባቱ መጥቶ «ይህን ባደርግ ምን ይሆናል?» ብሎ የሚጠይቅ ወጣት ከሁሉ አስቀድሞ ስለ መጠየቁ ሊመሰገን ይገባዋል፤ ብዙው ሳይጠይቅ ያደርገዋልና። መልሱ ሐሰት ሐሰት ነው የሚል ብቻ ከሆነ እውነት ነው፤ ነገር ግን የጎደለ እውነት ነው። በሐሰተኛ ልምድ የገባ መሐንዲስ የሚሠራው ድልድይና የሚያስፈስሰው ሲሚንቶ ሰው የሚያልፍበትና የሚኖርበት መሆኑን ማሳየት ይገባል። ወረቀቱ የተመረመረ ዕለትም ከሥራ መባረር ብቻ ሳይሆን በወንጀል መጠየቅ ይከተላል። ከዚህም ጋር ምን ዓይነት እውነተኛ ልምድ ሊያቀርብ እንደሚችል አብሮ መፈለግ ያስፈልጋል። በትምህርት ላይ ሳለ ለተግባር ልምምድ የተላከበት ቦታ አለ፤ በክረምት ከግንበኞች ጋር የሠራበት ወር አለ፤ ለደብሩ አዳራሽ ማሠሪያ ልኬት የወሰደበት ቀን አለ። ወጣቶች እነዚህን ከቍጥር ስለማያስገቧቸው አይጽፏቸውም።

በዚህ አጋጣሚ ሕጉ የሚሰጠውን መብት አለማወቅ የሚያመጣውን ጉዳት ሳናነሣ አናልፍም። በ2011 ዓ.ም. በወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቍጥር 1156 መሠረት፣ አንድ ሠራተኛ ከሥራ ሲሰናበት ወይም ራሱ በጠየቀ ጊዜ፣ አሠሪው የሠራውን የሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ ሊሰጠው ይገባል። ለሦስት ወር በጽሕፈት፣ ለአራት ወር በዕቃ ቤት ሠርተው ወረቀቱን ሳይጠይቁ የወጡ ብዙዎች አሉ፤ በኋላ ያንኑ ወረቀት በሐሰት ሊገዙ ይዞራሉ። እንዲሁም ለሙከራ የሚቀጠር ሰው የሙከራው ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን ሊበልጥ እንደማይችል፣ መደበኛው የሥራ ሰዓትም በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንደማያልፍ ይኸው አዋጅ ይደነግጋል። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ነገር የሚገልጽ የተፈረመ ጽሑፍ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። ደስታ ያሰከረው አዲስ ተቀጣሪ ይህን ለመጠየቅ ያፍራል፤ ማፈር ግን አይገባውም።

አሁን ወደ ወይራው እንመለስ።

ሥራ በመፈለግ ላይ ያለ ሰው ከገንዘብ ማጣት ቀጥሎ የሚያስጨንቀው የቀኑ ቅርጽ ማጣት ነው። ተማሪ ሳለ ደወል ነበረ፤ ሠራተኛ ሲሆን ሰዓት ይኖራል፤ በመካከል ባለው ዘመን ግን ማክሰኞ ከሐሙስ አይለይም። ጧት የገባው ማመልከቻ ለከሰዓት ምንም አይተውለትም። በዚያ ባዶ ሰዓት ውስጥ የሚገባው አባቶቻችን ሀኬት ብለው የሚጠሩት መሰልቸት ነው፤ ከስንፍና ጋር ቢመሳሰልም ምንጩ ሌላ ነው። ሰነፍ ሥራን ይጠላል፤ በሀኬት የተያዘ ግን ሊሠራ እየወደደ እጁ ይዝልበታል። አባ እንጦንስ በበረሃ ሳለ በዚህ ነገር እጅግ በተጨነቀ ጊዜ፣ እርሱን የሚመስል አንድ ሰው ተቀምጦ ገመድ ሲታታ፣ ከዚያም ተነሥቶ ሲጸልይ፣ እንደገና ተቀምጦ ሲታታ እንዳየና ያም መልአክ እንደ ነበረ በመነኮሳቱ ዜና ተጽፏል። በዚህ ታሪክ ውስጥ እኛን የሚያስደንቀን፣ ምክሩ በረጅም ቃል አለመሰጠቱ ነው፤ የቀን አከፋፈል ብቻ ታየው።

የአብነት ትምህርት ቤቶቻችንም ይህን ያውቁ ነበር፤ ዛሬም ያውቃሉ። የቆሎ ተማሪ ቍራሽ ለምኖ፣ ቀለም ተቀብሎ፣ ሲቀጽል አምሽቶ በሚኖርበት ኑሮ ውስጥ እጁ አያርፍም። አንዱ ቆብ ይሰፋል፤ አንዱ ከሣር ጃንጥላ ይሠራል፤ ሌላው ብራና ይፍቃል፤ የመቃ ብዕር ይቀርጻል፤ ጥቍሩንና ቀዩን ቀለም ይበጠብጣል። መጽሐፍ የሚገዛበት ስለሌለው የሚማርበትን መጽሐፍ ራሱ የሚገለብጥ ብዙ ነበር። ይህ ሁሉ የተማረበት ዋና ነገር አይደለም፤ ዋናው ዜማው፣ ቅኔው፣ ትርጓሜው ነው። ነገር ግን ጐተራው ባዶ በሆነበት ዓመት የተማሪውን ነፍስ ከሥጋው ጋር ያቆየው ብዙ ጊዜ ያ የእጅ ሥራ ነበር። ሐዋርያው ጳውሎስም በቆሮንቶስ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን ይሰፋ እንደ ነበር እናውቃለን፤ ስፌቱ ከስብከቱ አላሳነሰውም።

በዛሬው አነጋገር ይህን «የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ» ይሉታል። ቃሉን አንወደውም። ጊዜ የሚያሳልፉት የማይፈለግ እንግዳ ነውን? ደግሞም ከደጅ የሚሰማ ተረት አለ፤ «ሥራ ያጣ መነኵሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» ይላል። የዚያን ወጣት ጎረቤቶችም መሮው ሲንኳኳ ሲሰሙ ይህንኑ ተርተውበት ኖሯል። ተረቱን የፈጠረው ሰው መነኵሴውን ሊቀልድበት አስቦ ነው፤ እኛ ግን መነኵሴውን ለመሟገት እንደፍራለን። ቆቡን መቅደዱ ጥፋት ይሁን እንጂ፣ መርፌና ክር አንሥቶ መልሶ ሰፍቷል። ቀድዶ የማይሰፋው ነው የሚያሳስበን።

ወጣቱ በኋላ ስለ እንጨቱ ነገረን። ወይራ ጠንካራ ስለ ሆነ መሮውን ያደንዛል። እርጥቡን የቀረጹት እንደ ሆነ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ቍራጩን በጥላ ሥር ብዙ ወር ማቆየት ያስፈልጋል። ጅማቱ ወዴት እንደሚሄድ ሳያዩ መሮውን ቢመቱት፣ ለመስቀሉ ክንድ የታሰበው ቦታ ተሰብሮ ይወድቃል። የመጀመሪያዎቹ አራት የእጅ መስቀሎች እንዲሁ ተሰብረውበታል። «ምህንድስና ስማር ስለ ጭነትና ስለ ስንጥቅ በሰሌዳ ላይ ብዙ ተምሬአለሁ፤ በእጄ ያየሁት ግን እዚህ ነው» አለን። አምስተኛው ሲያልቅ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ፣ በቅባት አሽቶ አሳየን። ከዚያ በፊት ስለ ራሱ ሲናገር «አልቻልኩም» በሚል ቃል ብቻ የነበረ ሰው፣ ስለ እንጨቱ ሲናገር ዓይኑ በራ። ማመልከቻ ካስገባ ስንት ጊዜ እንደሆነ ያን ዕለት አልጠየቅነውም።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት እንዳይከተል እንፈራለን። ዘመድ የልጁን የእጅ ሥራ ባየ ጊዜ ወዲያው የሚናገረው «ይህን ሸጠህ አትኖርበትም ወይ?» የሚል ነው። የሥራ ፈጠራ የሚል ቃል በየስብሰባው ስለሚነገር፣ የወጣት ደስታ ሁሉ ሱቅ እንዲሆን ይፈለጋል። አንዳንዱ ይሆናል፤ ሁሉ ግን አይሆንም። አንድን መስቀል ለመቅረጽ ሦስት ቀን የፈጀ ሰው ቤት ኪራይ ከፍሎ ሊኖርበት አይችልም። ገበያ ያልገባ የእጅ ሥራ ዋጋ የለውም የሚል ሰው፣ ወጣቱ በቀን ውስጥ ያገኘውን አንድ የሚያርፍበት ቦታ መልሶ የውድድር ሜዳ ያደርግበታል።

በሌላ በኩል ደግሞ የአንዲት ልጅ ነገር አለ። በሒሳብ አያያዝ ተመርቃ ከወላጆቿ ቤት የምትኖር ናት። እርስዋን ማንም ሥራ ፈት አላላትም፤ ስለ አከበሯት ግን አይደለም። ቤት ውስጥ ያለች ሴት ልጅ ስለሆነች ውኃው፣ ወጡ፣ እንግዳው፣ የታናናሾቿ ትምህርት ሁሉ በእርስዋ ላይ ወደቀ። ወንድሟ ማስታወቂያ ሊያነብ ሲወጣ ማንም አይከለክለውም፤ እርስዋ ስትወጣ «ቤቱን ለማን ትተሽ?» ትባላለች። እንዲህ ያለች ልጅ ሥራ በመፈለጊያ ሰዓት ሥራ ትሠራለች፤ ዓመቱ ሲያልቅ ደግሞ «ለምን አላገኘሽም?» ተብላ ትጠየቃለች። ወላጆች ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው። ደላላ መጥቶ «ዓረብ አገር ልላክሽ» ሲላት ልጅቱ ጆሮዋን የምትሰጠው፣ ብዙ ጊዜ ከድህነቱ ይልቅ በዚህ ምክንያት መሆኑን በሚነግሩን ታሪክ ውስጥ ሰምተናል።

ይህች ልጅ ከአያቷ የተማረችው የስፌት ሥራ ነበራት። አክርማና ስንደዶ ገዝታ፣ በቀለም ነክራ፣ ማታ ማታ ሁሉም ሲተኛ ወስፌዋን ይዛ ትቀመጥ ነበር። ስፌት የሚያምረው በቍጥር ነው፤ ቀለሙ በስንተኛው ዙር እንደሚገባና እንደሚወጣ ካልተቈጠረ ሐረጉ ይዛባል። ሒሳብ አዋቂ ስለሆነች የየዙሩን ቍጥር በደብተር ትጽፍ ጀመር፤ ቀጥላም የአክርማውን ዋጋና የሠራችበትን ሰዓት ጨመረችበት። አንዲት ጎረቤት ለልጇ ሠርግ መሶብ ባዘዘቻት ጊዜ ደብተሩን ገልጣ ብታሰላው፣ የሚከፈላት ገንዘብ ለሰዓቱ ሲካፈል ከቀን ሠራተኛ ዋጋ በታች ሆኖ አገኘችው። ይህን ማወቋ አላሳዘናትም፤ እንዲያውም ሣቀችበት። መሶቡን ሠርታ ሰጠች፤ ሁለተኛ ትእዛዝ ግን በዚያ ዋጋ አልተቀበለችም። ከጥቂት ወራት በኋላ ለአንድ የንግድ ቤት የገንዘብ ያዥነት ቃለ መጠይቅ ቀርባ «ልምድ አለሽ ወይ?» ሲሏት፣ የሌላትን አለኝ አላለችም፤ ያንኑ የስፌት ደብተር ከቦርሳዋ አውጥታ አሳየቻቸው። በጊዜያዊነት ቀጠሯት። መሶቡ አስቀጠራት ብለን የምንናገር አይደለንም፤ ቀጣሪዎቹ ምን እንዳዩ እነርሱ ያውቃሉ።

ከታወቁት ሰዎች መካከል ምሳሌ የሚፈልግ አንባቢ ቢኖር፣ ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ እንግሊዝ አገር የተላከው የማዕድን ምህንድስና ተምሮ እንዲመለስ ነበር። በልጅነቱ ያደረበት የሥዕል ፍቅር አሸንፎት በሎንዶን ሥነ ጥበብ ተማረ፤ በአፍሪካ አዳራሽ ያለውን ታላቅ የመስተዋት ሥዕልም ሠራ። በ1950 ዓ.ም. የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን በአዲስ አበባ ያቋቋመው አለ ፈለገ ሰላምም ከቤተ ክርስቲያን ሠዓልያን ቤተ ሰብ የወጣ ነው። ሆኖም እንደነዚህ ያሉ ሰዎች በትውልድ ጥቂት ናቸውና ለእያንዳንዱ ወጣት መለኪያ አድርገን ብናቀርባቸው እናስጨንቀዋለን።

የቅዱስ ያሬድንም ታሪክ በዚህ ነገር ላይ ደጋግመን እንሰብካለን። ትምህርት ጠፍቶበት ከመምህሩ ሸሽቶ በዛፍ ሥር ሲያርፍ፣ አንድ ትል ፍሬውን ሊበላ ወደ ዛፉ እየወጣ ደጋግሞ ሲወድቅ፣ በመጨረሻም ሲደርስ አየ፤ ተጽናንቶም ወደ ትምህርቱ ተመለሰ። ታሪኩ ድንቅ ነው። ነገር ግን አርባ ጊዜ አመልክቶ ላልተጠራ ወጣት ስንነግረው በዝግታ ይሁን። ትሉ ፍሬው በዛፉ ላይ መኖሩን ያውቅ ነበር፤ ሥራ ፈላጊው ግን በየጊዜው የሚወጣው በሌላ ዛፍ ላይ ነው፤ ፍሬ ይኑርበት አይኑርበትም ሳይነገረው ነው። ያሬድም ትሉን ያየው ራሱ ነው እንጂ ሰው ጠቍሞት አይደለም።

ከዚህ በኋላ ደብሮቻችን ምን ሊያደርጉ ይችላሉ የሚለው ነው። ሥራ መቅጠር የደብሩ አቅም አይደለም፤ በትውውቅ ማስቀጠርም ከላይ ያዘንበትን ነገር በተቀደሰ ስም ማድረግ ይሆናል። የሚቻሉ ትንንሽ ነገሮች ግን አሉ። በሰንበት ትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ የሥራ ማስታወቂያ የሚለጠፍበት ሰሌዳ መስቀል ወጪው ጥቂት ነው፤ ጋዜጣ የሚገዛ ምእመን ካነበበ በኋላ የማስታወቂያውን ገጽ ቢያመጣ ይበቃል። ለመሥሪያ ቤት ሥራ ያላቸው ምእመናን በወር አንድ ጊዜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተቀምጠው የወጣቶቹን ማመልከቻ ቢያነቡላቸውና ቢያርሙላቸው፣ ለቃለ መጠይቅ የሚሄደውን ቢያለማምዱት፣ ይህ ከብር የሚበልጥ ምጽዋት ነው። በ2014 ዓ.ም. የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ከተቋቋመ ወዲህ በየወረዳው ሥራ ፈላጊን የሚመዘግቡ ጽሕፈት ቤቶች አሉ፤ ብዙ ወጣት በአፍረት ምክንያት አይመዘገብም፤ ከጓደኛ ጋር ቢሄድ ግን አይከብደውም።

ሌላው የቦታ ነገር ነው። በከተማ በኪራይ ቤት የሚኖር ወጣት መሮ የሚያንኳኳበት፣ ሸራ የሚወጥርበት ቦታ የለውም። ብዙ ደብር ከሰንበት እስከ ሰንበት ተቈልፎ የሚከርም አዳራሽ አለው። ቍልፉ በማን እጅ እንዳለ የሚታወቅ ከሆነ፣ ከሰኞ እስከ ዐርብ ከሰዓት በኋላ ቢከፈት ምን ይጐዳል? ይህን ሐሳብ ለደብራችን ሰበካ ጉባኤ ባቀረብን ጊዜ መጀመሪያ የተነሣው ጥያቄ የመብራቱ ሒሳብ ነበረ፤ ሁለተኛው ደግሞ «ወጣቶች ተሰብስበው ወሬ ቢያወሩስ?» የሚል ነበረ። ለመጀመሪያው አንድ ምእመን ከፋይ ተገኘለት። ስለ ሁለተኛው የመለስነው፣ ወሬው መኖሩ አይቀርም፤ በመጠጥ ቤት ከሚወራ በአዳራሹ ቢወራ ይሻላል ብለን ነው። ሳቅ ሆነና ተፈቀደ።

የንስሐ አባቶችን ደግሞ አንድ ነገር እንለምናለን። ወጣቱ ሲመጣ ከሥራው አስቀድማችሁ ስለ ውሎው ጠይቁት። «ዛሬ ምን ስትሠራ ዋልህ?» የሚል ጥያቄ ሥራ ላለውም ለሌለውም እኩል ይሆናል፤ ሁለቱም መልስ አላቸውና። እኛ ይህን ከለመድን ወዲህ በቅጽሩ ጥላ ሥር የምንሰማው ወሬ ተለውጧል፤ ስለ ቀለም፣ ስለ ክር፣ ስለ እንጨት፣ አንዳንድ ጊዜም ስለ ተበላሸ ወጥ ይነገረናል።

ያ ወጣት ዛሬም ቋሚ ሥራ አላገኘም። ጧት ከሁለት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ማስታወቂያ ያነባል፣ ያመለክታል፤ ያመለከተበትን ቀንና ቦታ በደብተር ይጽፋል፤ ከሰዓት በኋላ በአዳራሹ ይቀርጻል፤ ሁለት ልጆችም አብረውት ይማራሉ። ከመዘምራኑ መካከል ተመልሶ ቆሟል። ባለፈው ሳምንት በአንድ የመንገድ ሥራ ድርጅት የጽሑፍ ፈተና ተፈትኖ ውጤቱን በመጠበቅ ላይ ነው። ከሰንበቱ ቅዳሴ በኋላ ሲወጣ አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ያ መቋሚያዬ ራሱ ላይ ተሰንጥቋል፤ ታየው ይሆን?» አሉት። ተቀብሎ በብርሃን በኩል አዘንብሎ ተመለከተውና፣ «ጅማቱን ተከትሎ ነው የተሰነጠቀው አባባ፤ ለማክሰኞ ይደርሳል» አላቸው።